የእማማ ፈለቀች ጥያቄ

"የማን ነው?"

እማማ ፈለቀች ይህን ሲጠይቁ ቀጭኗን የእርግዝና መመርመሪያ በከሰል መቆንጠጫ ይዘው ነበር። በእጃቸው ሊነኳት አልፈለጉም። የሞተ አይጥ አውጥቶ እንደሚጥል ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው፣ ልብስ ማስጫው ሥር ለቆመችው ምራታቸው አሳዩአት። መመርመሪያዋ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው።

ሉላ የልጇን ዩኒፎርም እየጨመቀች ነበር። እጇ ባለበት ቆመ። ውኃው ግን በክርኗ በኩል እየወረደ ቀሚሷን ያርሰው ጀመር።

"አልሰማሽም? የማን ነው አልኩሽ!"

"እማማ፣ እሱ እኮ..."

"እሱ ማን? ስም የለውም?" መቆንጠጫውን አፍንጫዋ ሥር አስጠጉት። "ልጄ አፋር በረሃ ግሬደር ላይ ከተቀመጠ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ለገና እንኳን አልመጣም። ታዲያ ይሄ በስልክ ነው የመጣው?"

ከኩሽናው በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ትርሲት ናት፣ የእማማ ፈለቀች የመጨረሻ ልጅ። ገላን ኮንዶሚኒየም አንድ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ቅዳሜ አርፍዳ ስለምትገባ ጠዋቱን ቤት ነበረች፤ መመርመሪያዋን ከሽንት ቤቱ የቆሻሻ ባልዲ ያወጣችውም እሷ ናት።

"መጀመሪያ በሶፍት ጠቅልላዋለች፤ ቀጥላ በጥቁር ፌስታል አስራዋለች" አለች ትርሲት። "ንጹሕ ሰው ይሄን ያህል አይጠቀልልም።"

"ትርሲት፣ በእናትሽ ተይኝ።"

"ምኑን ልተወው? ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። አይቶታል።"

የተከራዮቹ በሮች አንድ በአንድ ገርበብ ሲሉ ሉላ አየች። ግቢው ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ልብስ ማስጫው አዙሯል። ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ "በሽታ ነው" አለች።

ትርሲት ከት ብላ ሳቀች። "በሽታው ዘጠኝ ወር ሲሞላው ስም እናወጣለታለን!"

እማማ ፈለቀች አልሳቁም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኹም። "ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል" አሉ። "ከዚያ ጓዝሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ልጅቷ ግን ከዚህ ግቢ አትወጣም። ብያለሁ።"

መመርመሪያዋን ከነመቆንጠጫው የውኃው በርሜል ክዳን ላይ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። በመስኮቱ በኩል እድላዊት፣ የሉላ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ትታያለች። ምንም አልሰማችም፤ ወይም የሰማች አልመሰለችም።

ሉላ ከዚያ በላይ ያልተናገረችው ነውር ስለሠራች አልነበረም። ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ሁለተኛው መስመር ቀስ እያለ ብቅ ሲል ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ለትርሲት ሁለት መስመር ማለት ሌላ ወንድ ማለት ነው። ለሉላ ግን የጨረሰችው መርፌ አልያዘም፣ በሽታው ተመልሷል ማለት ነበር። የማን ነው ሲሏት ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እድላዊት ያለ እናት ስትቀር።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ሉላ አረገዘች፤ ሆዷ ከወሩ በላይ ፈጥኖ አደገ፤ ከዚያ ደም መጣ። ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ ካየ በኋላ ውስጡ ልጅ እንደሌለ ነገራት። እንግዴ ልጁ ብቻውን አብጦ እንደ ወይን ዘለላ ሆኗል አላት። ማሕፀኗን ጠረጉላት። ቤት ስትመለስ እማማ ፈለቀች "ወርዷል፣ ይሁን፣ እግዜር ሌላ ይሰጣል" ብለው የአጥንት ሾርባ ሠርተው አበሏት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አያውቅም። ጥቂት ወራት ቆይታ ደሙ ተመልሶ ሲመጣ ባሏ ነቢዩ ወደ አፋር ሄዶ ነበር፤ ለብቻዋ ሆስፒታል ሄደች። የቀረው እንግዴ ልጅ ወደ ካንሰር ተቀይሯል አሏት። ብዙ ሴት ላይ የማይታይ ነው፤ ግን ይድናል፤ መርፌሽን አታቋርጪ፣ እንዳታረግዢም ተጠንቀቂ አሏት።

ቤት ገብታ "ከውርጃው የቀረ ቁስል ነው" አለች። ለነቢዩም በስልክ ያንኑ ደገመችለት። ካንሰር የሚለውን ቃል በዚያ ግቢ መጥራት አልደፈረችም፤ ምክንያትም ነበራት። ከዓመታት በፊት ጥግ ያለውን ክፍል የተከራየች ሴት ጡቷን ታማ ነበር። እማማ ፈለቀች የዚያችን ሴት ብርጭቆ ለይተው ሽቦ አሰሩበት። ሴትየዋ ስትለቅ ደግሞ ክፍሉን ከወለሉ እስከ መዝጊያው በበረኪና ሦስት ጊዜ አሳጠቡት። ያጠበችው ሉላ ነበረች።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ስሙን ሳታይ አወቀችው። ቅዳሜ ጠዋት ቀድሞ የሚደውልላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

"አንድ ነው ሁለት?" አለች እትዬ አስካለ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

እትዬ አስካለ ሙሉ ስሟ አስካለማርያም ነው፤ ሳሪስ አቦ ገበያ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። ሉላ የተዋወቀቻት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ መርፌ በሚጠበቅበት ረጅም አግዳሚ ላይ ነው። በዚያ አግዳሚ የጡት፣ የአንጀት፣ የጉሮሮ ሕመምተኛ ሞልቷል፤ የእንግዴ ልጅ ካንሰር የሚባለውን የያዙት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እሷ፣ ሉላና ከኮዬ ፈጬ የምትመጣው ዳሲቱ። ሉላ በመጀመሪያው ቀን "እርስዎም በዚሁ ነው?" ብላ ስትጠይቃት አስካለማርያም ተቆጥታ፣ "አንቺ በይኝ። ከአንድ መርፌ የሚወጉ ሰዎች አንቱ አይባባሉም" አለቻት። በሽታውን የሚከታተሉበት የደም መመርመሪያ ኬሚካል አልቆ ሲስተሯ "ለጊዜው በሽንት እያያችሁ ጠብቁ፤ መርፌዋን ጨርሳ ሁለት መስመር ያየች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሰኞ ትምጣ" ካለቻቸው ወዲህ ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደዋወላሉ። አንድ ያለችውን እልል ይሉላታል። ሁለት ያለችውን አያጽናኗትም፤ ዳሲቱ ቀልድ ትነግራታለች፣ አስካለማርያም ትሰድባታለች፤ ያ ይሻላል።

"ሉላ፣ አንድ ነው ሁለት?"

"ሁለት" አለች ሉላ፣ እና አለቀሰች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት፤ መቆንጠጫውን፣ ፎቶውን፣ ሽማግሌውን፣ ልጅቷ አትወጣም የተባለውን።

አስካለማርያም ወዲያው ጠየቀቻት። "በስንት ሰዓት ነው የሚቀመጡት?"

"ከቅዳሴ በኋላ።"

"ወገንሽ ማን ይቀመጣል?"

"ወንድሜ ሰላሌ ነው፤ ለነገ አይደርስም። ደግሞ ምን ብዬ ልጥራው?"

"አንቺ ጅል!" አለች አስካለማርያም። "ላንቺ የሚናገር ሰው በሌለበት ሽማግሌ ፊት ትቀርቢያለሽ? ዝም ብለሽ ጠብቂኝ።"

*

ነቢዩ ሌሊቱን ተጉዞ እሑድ ጠዋት ደረሰ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። አልጮኸባትም፤ እጁንም አላነሳባትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እኔ ምንም አላልኩም" አላት። "ሽማግሌ ያለውን እሰማለሁ።" ከዚያ እድላዊትን አቅፎ ብስኩት ሰጣትና ወደ ሳሎን ገባ። ሉላ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ለሚጮህ ሰው መልስ ይሰጣል።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አቶ ዱጉማ የእድሩ ሰብሳቢ ነው፤ የአቃቂ መሬት ፋብሪካ ሳይሠራበት በፊት እዚያው ከሚያርሱት ቤተሰቦች የተወለደ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ትልቅ ሰው። አቶ ፈቀደ ደግሞ ከእማማ ፈለቀች ሟች ባል ጋር በምድር ባቡር የሠራ ጡረተኛ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሟቹ ከባቡር ጋር የተነሱት ፎቶ ሥር ተቀመጡ። በአንድ በኩል እማማ ፈለቀች፣ ነቢዩና ትርሲት ሶፋውን ሞሉት። በሌላው በኩል ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ሉላ አንደኛው ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ባዶ ናቸው።

አቶ ዱጉማ ወንበሮቹን አየ። "ልጄ፣ ያንቺ ወገን የታለ? የአንድ ወገን ብቻ ተሰምቶ ነገር አይቆረጥም።"

"ወገኗማ መንገድ ላይ ነው" አለች ትርሲት። "ገና አልተወለደም።"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን!" አለ አቶ ፈቀደ።

"ምን ዋሸሁ?"

የግቢው በር ተንኳኳ። ተከራዮቹ ቀድመው ከፈቱት። አስካለማርያም ነጠላዋን ለቅዳሴ እንዳጣፋችው፣ ዳሲቱ ከኋላዋ ጃኬት ለብሳ፣ ሰተት ብለው ሳሎን ገቡ። አስካለማርያም ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳች፤ ለእማማ ፈለቀችም ዝቅ አለችና ባዶዎቹን ወንበሮች ይዘው ተቀመጡ።

"እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?" አሉ እማማ ፈለቀች።

"የሉላ ወገኖች ነን።"

"ሉላ አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ከየት የመጣችሁ ወገን ናችሁ?"

"ከአራተኛ ፎቅ" አለች አስካለማርያም።

"የምን አራተኛ ፎቅ?"

"የሆስፒታሉ፣ የካንሰሩ ክፍል።"

ቃሉ ሳሎኑ መሐል እንደ ወደቀ ሳህን ሆነ። ትርሲት ሳታስበው እግሮቿን ወደ ሶፋው ሰበሰበች። ዳሲቱ ይህን አየች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ስለታም ነው። ሻሿን ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጭንቅላቷ ላይ አንድ ፀጉር የለም፤ ቅንድቧም የለም።

"አይዞሽ እህቴ፣ አይተላለፍም" አለቻት። "የቀጠልሽውን ሂውማን ሄርም አልወስድብሽም።"

አቶ ፈቀደ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። እማማ ፈለቀች ግን አልተነቃነቁም። "ካንሰር የሚባል በሽታ መኖሩን እናውቃለን" አሉ። "ካንሰር የያዘው ሰው ሁሉ በእርግዝና መመርመሪያ ሁለት መስመር ያወጣል ልትሉኝ ነው? እኔ ስድስት ወልጃለሁ። ሞኝ ፈልጉ።"

"ካንሰር ሁሉ አያወጣም፤ የኛ ግን ያወጣል" አለች አስካለማርያም። ወደ አቶ ፈቀደ ዞረች። "አባቴ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ይመስልዎታል?"

"እንግዲህ... ለሴት ዕድሜ አይገመትም።"

"ሃምሳ ሦስቴ ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ ወንድ ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እሱም ከበር ነው የሚመለሰው።" ከዚያ ትርሲት ላይ ጣቷን ቀሰረች። "አንቺ፣ ያን መመርመሪያ ከባልዲ ያወጣሽው ጎበዝ! ተነሽ፣ ፋርማሲ ሄደሽ ሌላ ገዝተሽ ነይ። በራስሽ እጅ ግዢ፣ በራስሽ እጅ ቅደጂው። ሽንት ቤትም አብረሽኝ ትገቢያለሽ፤ ነገ ደግሞ ቀየሩብን እንዳትሉ።"

"እኔን ምን አገባኝ?"

"ትላንት ያገባሽ ዛሬ አያገባሽም?" አለች ዳሲቱ። "ሁለት ግዢ እንዲያውም፤ አንዱ ላንቺ ይሁንና ይተያያል።"

ትርሲት ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ብቻ ገዝታ መጣች።

ሁለቱ ሴቶች ወደ ጓሮ ወጥተው እስኪመለሱ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ጠበቁ። አቶ ዱጉማ ጣሪያውን ያያል። አቶ ፈቀደ የባቡሩን ፎቶ ዛሬ ገና ያየው ይመስል አፍጥጦበታል። ነቢዩ ስልኩን ያሻሻል። ሉላ ደግሞ የበሩን መጋረጃ ታያለች፤ ከመጋረጃው ሥር የእድላዊት ትንንሽ ጫማዎች ይታያሉ። ልጅቷ ቆማ እያዳመጠች ነው።

ትርሲት ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ይዛ ገባች፤ ደጃፉ ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀመጠችው። መመርመሪያዋ ውስጡ ቆማለች። አንዱ መስመር ወዲያው ወጣ።

"አንድ ነው" አሉ እማማ ፈለቀች።

"ይታገሡ" አለች አስካለማርያም። "ይሄ ልጅ ዘገምተኛ ነው።"

ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ እንደ ጥላ ሆነ። ቀጥሎ ሮዝ ሆነ። ቀጥሎ እንደ መጀመሪያው ቀላ። እማማ ፈለቀች ተነሥተው በቅርብ አዩት፤ መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩት።

"በስመ አብ!" አለ አቶ ፈቀደ።

"እንኳን ደስ ያለሽ በሉኝ እንጂ" አለች አስካለማርያም። "እኔም እርጉዝ ነኝ። የማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝም?" ድምፇ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ግን አልተወችውም። "በስተርጅና አረገዝኩ ብዬ አፍሬ፣ ለልጆቼ እንኳን ሳልናገር በራሱ ጊዜ ወረደ። ባሌ ሞተ፤ እኔ ሁሉም አበቃ ብዬ ስቀመጥ የቀረው ትርፍራፊ ውስጤ ያድግ ነበር። መመርመሪያው የሚያየው እንግዴ ልጁን ነው፤ ሕፃኑንና በሽታውን አይለይም። ሰው ነው መለየት ያለበት።"

አቶ ዱጉማ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ። "ልጄ" አላት ሉላን፣ "ለምን ትላንት ይሄን አልተናገርሽም?"

ሉላ ተነሣች። ለሽማግሌው አልመለሰችለትም፤ ፊቷን ወደ አማቷ አዞረች። "እማማ፣ ትላንት የማን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር" አለች። "የነቢዩ ነው። አምና የወረደው፣ የአጥንት ሾርባ ሠርተው ያበሉኝ፣ ከሱ የቀረ ነው። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ዘሩ የአባትየው ነው ብሎኛል። ከዚህ ቤት ውጪ የመጣ አይደለም።"

ነቢዩ ከስልኩ ቀና አለ። እማማ ፈለቀች መነጽራቸውን አወለቁ።

ሉላ አሁን ሁሉ ነገር አለቀ ብላ ነበር። አላለቀም።

"ስለዚህ ካንሰር ነው" አሉ እማማ ፈለቀች፣ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፃቸው። "ካንሰር ይዘሽ በኔ ድስት ስትበዪ፣ የኔን ውኃ ስትቀጂ፣ ዓይኔን እያየሽ ቁስል ነው ስትዪኝ ከረምሽ። ዘመዶችሽ ከአራተኛ ፎቅ መጥተው ነው የቤቴን ጉድ የሚነግሩኝ። ተከራይ ሳይቀር ቀድሞኝ ሳይሰማ አልቀረም!"

"እማማ፣ ያችን ሴት ያደረጓትን አይቻለሁ። ክፍሏን ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"ዝም በይ! ሌባ አይደለሽም፣ እሺ። ሴሰኛም አይደለሽም። ውሸታም ነሽ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ነቢዩ። ጉሮሮውን ጠረገ። "አሁን ይሄ ነገር... ከዚህ በኋላ ልጅ መውለድ ይቻላል?"

"ከዳንሽ በኋላ ዓመት ቆይተሽ ትችያለሽ ብለውኛል።"

"ካልዳንሽስ?"

ዳሲቱ "ኧረ!" ብላ ከወንበሯ ልትነሣ ስትል አስካለማርያም ጉልበቷን ያዘቻት።

ነቢዩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ በለዘብታ ቀጠለ። "እኔ እንደሚመስለኝ ለጊዜው ሰላሌ ወንድሟ ጋ ትሂድ። ጠበሉም አለ፣ አየሩም ጥሩ ነው። ነገሩ እስኪጠራ። እኔም ሥራ አለብኝ፤ ልጅቷንም ትርሲት..."

"እኔ?" አለች ትርሲት። "እኔ ይሄ ነገር እስኪጣራ እዚህ ቤት አላድርም። ገላን ጓደኛዬ ጋ ነኝ።"

"ለሁሉም ሳይበጅ አይቀርም" አለ አቶ ፈቀደ፣ ሰላም የወረደ መስሎት። "ጠበል ደግሞ ክፋት የለውም።"

"ነገ አልጋ ይዤ ከመርፌው የጠነከረውን ኬሞ እጀምራለሁ" አለች ሉላ። ድምፇ ከፍ ማለቱ እሷንም አስደነገጣት። "ሁለት መስመር ካየሽ ሰኞ ነይ ተብያለሁ። ጠበሉን ስወጣ እጠመቃለሁ።"

"እንግዲህ ነቢዩ ነገ ይወስዳታላ" አለ አቶ ዱጉማ።

"ፈቃዴ ዛሬ ያበቃል አባባ። ከድርጅቱ..."

"ነቢዩ!" አሉ እማማ ፈለቀች። "ትላንት በስልክ 'ባለቤቱ ይፈለግ፣ የማን እንደሆነ ይጠየቅ' አላልከኝም? ጠየቅሁ። ተነገረኝ። ያንተ ነው። አሁን ፈቃዴ አለቀ ትለኛለህ?"

"እማዬ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን አደርጋለሁ? ሐኪም አይደለሁም።"

እማማ ፈለቀች ብርጭቆውን ከነመመርመሪያው አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። በዚህ ጊዜ መቆንጠጫ አልያዙም።

ሽማግሌዎቹ ውሳኔ ሳይሰጡ መርቀው ሄዱ። አስካለማርያም ከግቢው ስትወጣ የሉላን ጆሮ ይዛ፣ "እኔ መርፌዬን ገና አልጨረስኩም፤ የአልጋ ተራዬ ሩቅ ነው፤ እስክትወጪ ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ" አለቻት። "ነገ ስታልፊ ሳሪስ አቦ ወርደሽ አስረክቢኝ። እዚህ የእሾህ ምንጣፍ ላይ ጥለሻት እንዳትሄጂ።"

"ካንቺ ጋር ሽሮ ስትሸጥ ትውላለች" አለች ዳሲቱ። "እኛ ሀብታም ስንሆን ሒሳብ ትይዝልናለች።"

ሦስቱም ሳቁ፤ ሉላ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

*

ሰኞ ጠዋት ሉላ ሁለት ቦርሳ አዘጋጀች። በትልቁ ነጠላዋን፣ ሳሙናዋንና የማታ ትምህርት ደብተሯን ከተተች፤ በጎልማሶች ክፍል ፊደል ጨርሳ ማንበብ ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው፣ እንዳይጠፋባት ፈራች። በትንሹ የእድላዊትን ልብስ፣ ዩኒፎርሟንና የምታቅፈውን አሻንጉሊት አስገባች። የነቢዩ ሻንጣ ከአልጋው ሥር የለም። በጠዋት ወጥቷል። ትራሱ ላይ ብር ትቶላታል፤ አጠገቡ ሌላ ምንም የለም።

ወደ ሳሎን ስትወጣ እማማ ፈለቀች እድላዊትን ጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው ፀጉሯን ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ማበጠሪያውን እንደ ፋስ ነበር የያዙት።

"ያማል አያቴ!"

"ያምሻል። እናትሽ ቅባት ሳትቀባሽ ሦስት ቀን ትታሽ እንዴት አያምሽ?" ቀና ብለው ሉላን ሳይሆን ቦርሳዎቹን አዩ። "ሻይ አለ። ባለ ቀይ አበባው ብርጭቆ ያንቺ ነው። ለይቼዋለሁ።"

ሉላ ጠረጴዛውን አየች። ባለ ቀይ አበባው ብርጭቆ ጆሮ ላይ ቀጭን ሽቦ ታስሯል። አልቀረበችም።

"ትንሹ ቦርሳ ለምንድን ነው?"

"እድላዊትን እትዬ አስካለ ጋ አደርሳታለሁ። ሳሪስ አቦ።"

"ትምህርት ቤቷ የት ነው?"

"እዚሁ።"

"ታዲያ በየጠዋቱ ከሳሪስ አቃቂ በታክሲ ልትመላለስ ነው? ወይስ ትምህርቷን ልታስተዪያት ነው፣ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ሀ ሁ እያልሽ?" ማበጠሪያውን አቆሙ። "ያቺ ሴትዮ ጥሩ ሴት ናት። አፏ ክፉ ነው፣ ግን ጥሩ ሴት ናት። እሷ አልጋ የያዘች ቀን ልጅቷ የት ትገባለች? አራተኛ ፎቅ?"

ሉላ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ነበር።

"ስሚ" አሉ እማማ ፈለቀች። "እኔ አንቺን ወድጄሽ አላውቅም። ነቢዩ ሲያመጣሽም አልወደድኩሽም፤ ዛሬም አልወድሽም። ስትዋሺኝ ኖረሻል፤ እሱን አልረሳልሽም። ብርጭቆሽንም አልቀላቅልም፤ አይተላለፍም ቢሉኝም አልቀላቅልም። ግን ቅዳሜ ልጅቷ ከዚህ ግቢ አትወጣም ብያለሁ። ያልኩትን አላነሣም።"

ማበጠሪያው እንደገና መሥራት ጀመረ። እድላዊት ዓይኗ እንባ ሞልቶ እናቷን አየቻት፤ ግን ከአያቷ ጉልበት አልተነሣችም። ራሷ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተከፍለዋል፤ አንደኛው ሹሩባ አልቋል፣ ሁለተኛው ተጀምሯል።

የሉላ ስልክ ጮኸ።

"የት ደረስሽ?" አለች አስካለማርያም። ከጀርባዋ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። "አስፋልቱ ዳር ቆሜ እየጠበቅኋችሁ ነው።"

ሉላ ሽቦ የታሰረበትን ብርጭቆ አየች። የአማቷን እጅ አየች፤ የደም ሥሩ የተገታተረ፣ ጨካኝ፣ ሹሩባውን ግን አንድም ክር ሳያስቀር እያጠበቀ የሚሠራ እጅ። ትንሹን ቦርሳ ከፈተች። ዩኒፎርሙን አውጥታ ሶፋው ላይ ዘረጋችው። ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው መለሰች። አሻንጉሊቱን እድላዊት ጭን ላይ አስቀመጠች።

"መጣሁ፤ ግን ብቻዬን ነኝ" አለች በስልኩ። "ልጅቷን አላመጣትም።"

"ምነው? ከለከሉሽ?"

"አይ። እኔ ነኝ።"

አስካለማርያም ልትሰድባት አፏን ስትከፍት ተሰማት፤ ከዚያ ተወችው። "እሺ። ቶሎ ነይ። ዳሲቱ አራተኛ ፎቅ ቀድማ ወረፋ ይዛልሻለች።"

ሉላ ልጇን ስማ ቦርሳዋን አነሣች። እማማ ፈለቀች በሩ ድረስ አልሸኟትም። ከሳሎኑ ውስጥ ሆነው "በሩን ዝጊው፤ ብርድ ያስገባል" ብለው ጮኹባት።

ነቢዩ ሄደ። ትርሲትም ሄደች። እማማ ፈለቀች ቀሩ።